በሩ አልከፈት ካላችሁ ጥፋቱ የበሩ ነው፦ ዲዛይን ድሬን፣ ስልካችንንና እኛን እንዴት እንደሚቀርጽ

ባንክ ልትገቡ ነው እንበል። የመስታወት በሩ ላይ ረጅም የብረት እጀታ አለ። እጅ እጀታ ሲያይ ምን ያደርጋል? ይስባል። ሳባችሁት፣ አልከፈትም አለ። ቀና ስትሉ «ይግፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥበቃው ፈገግ ይላል፣ ከኋላ ያለው ሰው ይጠብቃል፣ እናንተ ደግሞ በሆዳችሁ «ዛሬ ምን ሆኛለሁ?» ትላላችሁ።

ምንም አልሆናችሁም። ጥፋቱ የበሩ ነው።

ይሄን ጉዳይ በደንብ ካብራሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዶን ኖርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ በዲዛይን ሰዎች ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ አሳሳች በር «የኖርማን በር» ነው የሚባለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዕቃ ይናገራል። እጀታ «ሳበኝ» ይላል። ጠፍጣፋ ብረት «ግፋኝ» ይላል። ወንበር «ተቀመጥብኝ» ይላል። ዕቃው የሚለውና የሚሠራው ካልተስማማ ሰው ይሳሳታል። ወረቀት ካልተለጠፈበት የማይገባን በር መናገር ያቃተው በር ነው።

ብዙዎቻችን ዲዛይን ሲባል ልብስ፣ ሎጎ ወይም የግድግዳ ቀለም ነው ትዝ የሚለን። ውበቱም አለ፣ አይካድም። ከውበቱ በፊት ግን ውሳኔ አለ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ «ሰው በዚህ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል፣ ይህን ይጫናል» ብሎ ይወስናል። ከዚያ እኛ ሳናውቀው በዚያ ሰው ውሳኔ ውስጥ እንኖራለን። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከራሷ ከድሬ እንጀምር።

ድሬ የተወለደችው ከአንድ መስመር ነው

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። የአካባቢው ትልቅ የንግድ ከተማ ሐረር ነበረች። ችግሩ ተራራው ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከሥሯ ያለው ሜዳ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት ከባድም ውድም ስለነበር መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ቦታው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎም ነበር። ከዚያ ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ ሁሉ መጣ። ካርታ ላይ የተሠመረ አንድ መስመር ከተማ ወለደ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ያኔ «ዳገቱን እንውጣ» ብለው ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን ዛሬ «የድሬ ልጅ ነኝ» አንልም ነበር።

ለአንድ ፀሐይ ሁለት መልስ

ከዚራን በሐዲዱ ሥራ የመጡት ፈረንሳዮች ነደፏት፦ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ ዛፍ። ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ደግሞ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ቤት ከቤት ይጠጋጋል። ስለዚህ «ከዚራ በፕላን ተሠራች፣ መጋላ ግን ዝም ብላ በቀለች» የሚል ሰው አይጠፋም።

እስቲ ይሄን ቀን 8 ሰዓት ላይ በእግር ፈትሹት። ከዚራ ላይ ጥላ የሚሰጣችሁ ዛፉ ነው። መጋላ ውስጥ ጥላ የሚሰጣችሁ ግድግዳው ነው፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ይሆናል። ሁለቱም የድሬን ፀሐይ በየራሳቸው መንገድ መልሰውላታል። መሐንዲስ በወረቀት የሠራውም፣ ነዋሪ በልምድ የሠራውም ዲዛይን ነው።

ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሰፊ መንገድና ዛፍ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። መንገድ ለማስፋት ተብሎ ዛፉ ብቻ ከተቆረጠ የቀረው ምጣድ ነው። አስፋልቱ እንዳማረ ይሆናል፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አይኖርም። ከዚያ «የዘንድሮ ሙቀት!» እንላለን፤ ሙቀቱ ላይ ከጨመሩት ነገሮች አንዱ ግን የእኛው ውሳኔ ነው።

ደቻቱ፦ «መንገድ ነኝ» የሚል ወንዝ

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ይነገድበታል። በኖርማን ቋንቋ ካወራን አሸዋው «መንገድ ነኝ፣ ሜዳ ነኝ» ይላል። እውነቱ ግን ወንዝ ነው። ከዚህ የባሰው ነገር ደግሞ ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከተራራው መሆኑ ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሆነውን ድሬ አትረሳውም። ጎርፉ ሰው በተኛበት ሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፣ ማንም አላዘዘውም። ቤት ከወንዙ ምን ያህል ይራቅ፣ ከላይ የሚዘንበው ዝናብ ወሬ ታች ለተኛው ሰው እንዴት ይድረስ፣ ሰው በየት በኩል ይሽሽ የሚለው ግን የሰው ውሳኔ ነው። ዲዛይን የቅንጦት ወሬ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ ግን እሱም ይናገራል። «አሁን ሰላም ነው፣ ተጠጉ» ይላል። በዓለም ዙሪያ ጎርፍ የሚያጠኑ ሰዎች ይሄን አስተውለዋል፦ መከላከያ ሲሠራ ሰው ይተማመንና ወደ ውሃው ይቀርባል፣ ግንቡ የተሸነፈ ቀን ጉዳቱ ይከብዳል። ስለዚህ ግንቡ ብቻውን አይበቃም። ማስጠንቀቂያውም፣ የቤቶቹ ርቀትም የዲዛይኑ አካል ናቸው።

ባጃጅ ምን ሰጠን፣ ምን ወሰደብን?

ድሬን ያለ ባጃጅ ማሰብ ይከብዳል። የባጃጅ አያት ግን ጣሊያን ውስጥ ነው የተወለደው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን ደቅቃ፣ ሰው መኪና መግዛት አቅቶት ሳለ ፒያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 «አፔ» የሚባል ባለ ሦስት ጎማ አወጣ። «አፔ» ማለት ንብ ነው። በኋላ የህንዱ ባጃጅ አውቶ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ባለ ሦስት ጎማ ማምረት ጀመረ። እኛ ጋ ሲደርስ የኩባንያው ስም የተሽከርካሪው ስም ሆነ።

ሦስት ጎማው ምን ሰጠን? ዋጋው ከመኪና ይቀንሳል። ፊት ለፊት አንድ ጎማ ስላለው በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ መጋላ ውስጥ መኪና የማይደፍረው ቦታ ይገባል። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሲሄድ ንፋሱ ራሱ ኤሲ ነው። የወሰደብንስ? ያው ፊት ያለው አንድ ጎማ በፍጥነት ሲታጠፍ ሚዛን ያሳጣል። ያው ክፍት ጎን አቧራና ዝናብ ያስገባል፣ አደጋ ሲመጣም የሚከልል ነገር የለውም። ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ዲዛይን ሁሌም ልውውጥ ነው፤ ጥያቄው ማን ተጠቀመ፣ ማን ከፈለ ነው።

ባቡሩም እንደዚያው ነው። የድሮው ባቡር 1 ሜትር በሚሰፋ ሐዲድ ላይ እየተንቀራፈፈ ከተማ መሃል ነበር የሚያወርደን። ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከወረዱ ከተማው ውስጥ ናቸው፣ አለቀ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው አዲሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሐዲዱ 1.435 ሜትር ይሰፋል፣ ፈጣን ነው። ጣቢያው ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከባቡሩ በፊት ይጀምራል፦ ሻንጣ ይዞ፣ ትራንስፖርት ፈልጎ፣ ተጨማሪ ሂሳብ ከፍሎ። ባቡሩን ብቻ ካያችሁ ዘመናዊ ነው። ጉዞውን ከቤት ደጅ ጀምሮ ካያችሁት ያልተጨረሰ ዲዛይን ነው።

ስማቸው ያልተጻፈ ዲዛይነሮች

እስካሁን ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ህንድ እያልን ነው የመጣነው። እኛስ? እስቲ ጀበናውን አንሱት።

ሆዱ ክብና ሰፊ ነው፣ አንገቱ ቀጭን። ቡናው ሲፈላ በአንገቱ ሽቅብ ይመጣል፤ የምታፈላው ሴት ክዳን ከፍታ ሳትጎረጉር በዓይኗ ታውቃለች። ከዚያ ማቶቱ ላይ ጋደም ሲል ዝቃጩ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲቀዳ ጥሩው ቡና ይወርዳል። ሲኒውን ደግሞ እዩት። ትንሽ ነች፣ ቶሎ ታልቃለች። ቶሎ ስለምታልቅ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስቴ ይቀዳል። ሦስቴ ስለሚቀዳ ጎረቤት ይቆያል፣ ወሬው ይረዝማል፣ የተጣላ ይታረቃል። አንድ ትልቅ ኩባያ ቢሆን ኖሮ ጠጥቶ ሂያጅ ነበር የሚበዛው። የዕቃ መጠን የሰውን ግንኙነት ይቀርጻል ማለት ይሄ ነው።

ወደ ሐረር ጁገል ብቅ በሉና የሐረሪ ቤት ግቡ። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር የለም፤ «ነደባ» የሚባሉ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት መቀመጫዎች አሉ። አሚር ነደባ ለአባወራው ነው። ግዲር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ከለል ያለም አለ፣ ከበሩ ኋላ ያለም አለ። እንግዳ ሲገባ «የት ልቀመጥ?» ብሎ አይቸገርም፤ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። «ይግፉ» የሚል ወረቀት አያስፈልገውም።

ጀበናን ማን ነደፈው? ነደባን ማን ፈለሰፈው? ስም የለም። ሸክላ የሚሠሩ እናቶችና ቤት የሚያንጹ ሰዎች ናቸው። አንዷ ሠራች፣ ሌላዋ ተጠቀመች፣ «አንገቱ ትንሽ ይጥበብ» አለች፣ ቀጣይዋ አስተካከለች። ዕቃውን የሚሠራውና የሚጠቀመው ሰው አንድ ሰፈር ነበሩ። በኪሳችን የያዝነው ዕቃ ላይ የጠፋው ነገር ይሄ ነው።

ስልካችን ማንን አስቦ ነው የተሠራው?

አንድ አፕ ላይ ስትመዘገቡ «ፈርስት ኔም»፣ «ላስት ኔም» ይላችኋል። የእኛ ስም እንደዚያ አይሠራም። የራሳችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «ላስት ኔም» ይዘው ውጭ አገር ይሄዱና «ቤተሰብ ናችሁ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ስማቸው ልክ ነው፤ ችግር ያለበት ፎርሙ ነው።

ሰዓትም አለ። ስልኩ 8:00 ይላል፣ እኛ 2 ሰዓት እንላለን። ለዚህ ነው ቀጠሮ ስንይዝ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» የምንለው። ወሩም እንዲሁ ነው። እኛ 13 ወር አለን፣ ፎርሙ 12 ወር ብቻ ይዘረዝራል። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑን እዚያ ውስጥ አያገኘውም፤ ቀይሮ መጻፍ አለበት። አንዱ ቦታ በእኛ፣ ሌላው ቦታ በፈረንጅ ከተጻፈና ሰነድ ከሰነድ ካልተስማማ ደግሞ እንግልቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የእጅ ስልካችን ቁልፍ ሰሌዳ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለላቲን ፊደል የተሠራ የጽሕፈት መኪና ነው። ላቲን 26 ፊደል አለው። የእኛ ዋናዎቹ ብቻ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ናቸው። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ላይ የለፉት ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ያየ ሰው ይገባዋል። መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ዛሬ ከድሬ የጻፋችሁት «ሰላም» ዱባይም ሚኒሶታም «ሰላም» ሆኖ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ሆኖም አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ መንካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወጣቱ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ትልልቆቹ «ቋንቋችሁን ናቃችሁ» ይሉናል። እኔ ግን ንቀት አይመስለኝም፤ አውራ ጣት ሁሌም ወደ ቀለለው ነው የሚሄደው። ፊደሉ እንዲጻፍ ከተፈለገ መጻፉ መቅለል አለበት።

ሲኒ ማለቂያ አለው፣ ስልክ የለውም

አንዳንዱ ዲዛይን ደግሞ ሳያስበን ቀርቶ አይደለም፤ በደንብ አስቦን ነው። ድሮ ድረ ገጽ ገጽ 1፣ ገጽ 2፣ «ቀጣይ» የሚል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር ወደ ታች ሲሉት የማያልቅ ገጽ ሠራ። ለምቾት ነበር። ግን ገጹ ማለቂያ ሲያጣ «ይበቃኛል» የምንልበት ቦታም አብሮ ጠፋ። ሰውየው ራሱ በኋላ በሠራው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ከሲኒው ጋር አስተያዩት። ሲኒ ያልቃል። በረካ ከተጠጣ ሰው ይመረቅና ይነሳል። ስልኩ ላይ በረካ የለም። ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ስትጎትቱ ያደራችሁ ቀን «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ብላችሁ ብቻ አትዘኑ። ከወዲያ በኩል እንዳትነሱ ተብሎ የተሠራ ነገር አለ።

የተረሳው ማነው?

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሲጀመር አፑ ብቻ አልነበረም፤ *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔት፣ በቁልፍ ስልክም መጠቀም ይቻላል። ይሄ ጥሩ ዲዛይን ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለውን ሰው አስታውሷል። ግን እስቲ ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናትን አስቡ። ሜኑው ጽሑፍ ነው፣ ከዘገዩ ደግሞ ይዘጋና እንደገና ከመጀመሪያ ይባላል። ስለዚህ ስልኩንም የሚስጥር ቁጥሩንም ለሱቁ ልጅ ይሰጣሉ። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ምክር ልክ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ ለሌለው ሰው ምክር ብቻ አይበቃም።

ሕንፃም ላይ ያው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ አካል ጉዳተኞችን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትንም ጭምር፣ የሚያስገባ መግቢያ እንዲኖረው አዟል። አሁን ከተማውን ዞር ዞር በሉና ደረጃ ብቻ ያላቸውን መግቢያዎች ቁጠሩ። ሦስት ደረጃ ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም። ለአንድ ሰው ግን ሦስቱ ደረጃ «አንተ እዚህ አትገባም» የሚል ጽሑፍ ነው። ደግሞ ተዳፋት መግቢያ ቢኖር የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ያዘለች እናት፣ ዕቃ የሚገፋ ሠራተኛ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ሁሉ በዚያው ይገባሉ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር አስቸግሯችሁ «እኔ ነኝ የማልችለው» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄን ማን ወሰነው? ማንን አስቦ? ማንንስ ረስቶ? አብዛኛው መልስ የሚያናድድ ነው፤ ግን ተስፋም አለው። በሰው የተወሰነ ነገር በሰው ይቀየራል። እጀታው ይነሳል፣ ዛፉ ይተከላል፣ ፎርሙ ይስተካከላል፣ መግቢያው ተዳፋት ይሠራለታል። የጀበናው አንገትም እንዲህ እየተስተካከለ ነው እዚህ የደረሰው።

ድሬ ውስጥ ሁሌ የሚያስቸግራችሁ በር፣ መንገድ፣ ፎርም ወይም አፕ የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የምታውቁት ጥሩ የተሠራ ነገር ካለም አትርሱት አቦ፣ እሱንም እንወቀው።